ዋስትናው ካለቀ በሁለት ወሩ ማሽኑ ሞተ፤ ሱቁን መጠየቅ እችላለሁ?

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። አንድ ነገር አንጀቴን ስላሳረረኝ ነው የምጽፈው፤ የምታውቁ እርዱኝ።

ባለፈው ጥቅምት ዕቁቤ ሲወጣልኝ አዲስ አበባ ገብቼ ለታናሽ ወንድሜ የጌም ማሽን ገዛሁለት። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጥሩ ካመጣ ብዬ ቃል ገብቼለት ነበር፣ እሱም አላሳፈረኝም። ሻጩ "አዲስ ነው፣ ከነካርቶኑ፣ የስድስት ወር ዋስትና አለው" ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። ዋስትናው ሚያዝያ ላይ አለቀ። ሰኔ ላይ ማሽኑ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ቲቪው ግን ሲግናል የለም ይላል። ኬብል ቀየርን፣ ጎረቤት ቲቪ ላይ ሞከርን፣ ያው ነው። ሱቁ ጋ ስደውል "ዋስትናህ አልቋል፣ ከዚህ በኋላ እኔን አይመለከተኝም" ብሎ ዘጋብኝ። መልሼ ብደውል አያነሳም።

ልጁ ምንም አላለኝም፤ እሱ ዝም ሲል ነው ይበልጥ የከፋኝ። ዋስትና ካለቀ በቃ ማለት ነው? ውጭ አገር ሁለት ዓመት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እኛስ ጋ?

ሮቢት ቆላ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም ደርሶብኛል። ሸዋ ሮቢት ጌም ቤት አለኝ፤ ሦስት ማሽን ነበረኝ፣ አሁን የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው። አንዱ ዋስትናው አንድ ዓመት ነበር፣ በዓመት ከሦስት ወሩ ሞተ። አዲስ አበባ ድረስ ወሰድኩት፤ "ጊዜው አልፏል" ተባልኩና ያንኑ ማሽን ታቅፌ ጣርማ በርን ወርጄ ቤቴ ገባሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኛ ጋ ሙቀቱና አቧራው ከባድ ነው። ፋኑን በየጊዜው ካላጸዳኸው ሲከፈት እንደ ጥጥ የተጋገረ አቧራ ነው የሚወጣው። የኔ ምክር ከሱቅ ጋር ከመጨቃጨቅ ጠጋኝ ጋ ውሰደው ነው። ክርክር የትራንስፖርት ብር ይበላል፣ ሱቅህን ዘግተህ መዋል አለ፣ መጨረሻው ደግሞ አይታወቅም።

ካውያ፦
ደብረ ብርሃን ጥገና ላይ ነኝ፣ ከቴፕ ዘመን ጀምሮ። ሮቢት ስለ አቧራው ያለው ልክ ነው፣ ግን ይሄኛው የአቧራ አይመስለኝም። በአቧራ የተጨነቀ ማሽን መጀመሪያ ይጮሃል፣ ይግላል፣ እየሠራ ድንገት ይጠፋል። በርቶ ፋኑ እየዞረ ምስል ከሌለ እኔ መጀመሪያ የማየው የኤችዲኤምአይ መሰኪያውን፣ የቲቪው ኬብል የሚሰካበትን ነው። ውስጡ 19 እግሮች አሉት፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ። ኬብሉ በግድ ሲገፋ ይታጠፋሉ፤ ወይ ደግሞ ብየዳቸው ከቦርዱ ላይ ይለቃል። በስልክህ ባትሪ አብርተህ ወደ ውስጥ እይ።

ግን አደራህን፣ ለማንም ከማስፈታትህ በፊት ካርቶኑን ፈልግ። ካርቶኑ ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥርና ማሽኑ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ብሎኖቹን እይ። ከፋብሪካ የወጣ ብሎን ጥርሱ ንጹሕ ነው፤ አንዴ በማይገጥም መፍቻ ከተነካ ግን ጠርዙ ተፋፍቆ ያብረቀርቃል። ይህን የምልህ "አዲስ" ተብለው ተሸጠው እኔ ጋ ሲመጡ ተፈትተው የተጠገኑ ሆነው ያገኘኋቸው ብዙ ስለሆኑ ነው። መሰኪያቸው በብየዳ ካውያ ተነቅሎ ተለውጧል፣ ዙሪያውን ቡናማ የደረቀ የፍላክስ (ብየዳ እንዲይዝ የሚቀባ ነገር) ቅሪት አለ። እንዲህ ያለው ጥገና ጥቂት ወር ይዞ ይለቃል። የስድስት ወር ዋስትና መሆኑም ለዚህ ይመቻል።

የጠባሴ ልጅ፦
ጋሼ ካውያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉኝን አየሁ። ካርቶኑን እናቴ ብርድ ልብስ ከትታበት ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣው ነበር፣ አወረድኩት።

ቁጥሮቹ አይገናኙም። መጀመሪያው አንድ ነው፣ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ግን ሌላ ናቸው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ወንድሜም አነበበልኝ። ብሎኖቹን ደግሞ አየን፤ አንዱ ጥርሱ ተበልቷል፣ አንዱ ጭራሽ የለም፣ ቀዳዳው ብቻ ነው ያለው። እኛ አንድም ቀን አልፈታነውም፣ እዚህ ቤት ለዚያ የሚሆን መፍቻ እንኳን የለም። አሁን ምን ላድርግ? ከተበሳጨሁ በላይ ተበሳጨሁ።

የሕግ ሰው፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተለወጠ። ዋስትና ሻጩ ወይም አምራቹ የሚገባልህ ቃል ነው፤ ቀኑ ሲያልፍ ያልፋል። ያገለገለ ወይም የተጠገነ ዕቃ አዲስ ነው ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ በዋስትናው ወረቀት ቀን አይለካም።

ሕጉ እንዲህ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ እንዲል ይፈቅዳል። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ 15 ቀን ላንተ ድሮ አልፏል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ግን እዚያው አዋጅ ላይ ስለምትገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለህ፣ በግብይቱ ለደረሰብህ ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብትም አለህ። ከዚያ በላይ ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። በሱ መሠረት ሻጭ ዕቃው ጉድለት እንደሌለበት ለገዢው ኃላፊ ነው፤ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ ደግሞ "ኃላፊነቴን በውል ገድቤያለሁ" ቢል አይሰማም። ያንተ ግዴታ ጉድለቱን እንዳወቅህ ሳትውል ሳታድር ለሻጩ ማሳወቅ ነው። ካሳወቅህበት ቀን ጀምሮ ለመክሰስ አንድ ዓመት አለህ። ስለዚህ ዛሬ የምታደርገው ነገር ዋጋ አለው፣ አታሳድረው።

በስልክ አይበቃም፣ ነገ "አልሰማሁም" ይላል። ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጻፍ፤ መቼ እንደገዛህ፣ ምን ተብሎ እንደተሸጠልህ፣ ምን እንዳገኘህ፣ ምን እንደምትፈልግ። አንዱን ስጠው፣ ሌላው ላይ አስፈርመው። አልፈርምም ካለ በፖስታ በአደራ ላከውና የላክህበትን ወረቀት ያዝ። ደረሰኝ አለህ አይደል?

ስለ ውጭው የጠየቅከው፤ ሁለት ዓመቱ የአውሮፓ ኅብረት ነው፣ እዚያ ለአዲስ ዕቃ ሻጩ ቢያንስ ሁለት ዓመት ኃላፊ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እስከ ስድስት ዓመት ድረስ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፣ ግን ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ ጉድለቱ ሲሸጥም እንደነበረ የሚያስረዳው ገዢው ነው። እዚያም ቢሆን ያለ ማስረጃ አይሆንም።

የጠባሴ ልጅ፦
የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ አለኝ፣ ግን ቀለሙ እየጠፋ ነው። ቀኑና ዋጋው በጭላንጭል ይነበባል።

ካውያ፦
ያ ወረቀት ሙቀት አይወድም፣ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ አድርገው፣ በስልክም አንሣው። ላሚኔት እንዳታስደርገው፣ በሙቀቱ ጭራሽ ይጠቁራል።

ሮቢት ቆላ፦
የሕግ ሰው፣ እኔንስ አዋጁ አይረዳኝም? የኔ እኮ ስገዛው እውነትም አዲስ ነበር፣ ቁጥሩም ይገናኛል።

የሕግ ሰው፦
ወንድሜ፣ ያንተ ይከብዳል። አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ የገዛውን ሰው ነው። አንተ ማሽኑን ገንዘብ ሊያመጣልህ ነው የገዛኸው፣ በሰዓት እያከራየህ። ብዙዎቹ አምራቾችም የዋስትና ወረቀታቸው ላይ ለንግድ ሥራ የዋለ ማሽን አይሸፈንም ብለው ይጽፋሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ላንተም ይሠራል፣ ግን ጉድለቱ ስትገዛውም እንደነበረ ማሳየት አለብህ፤ ሮቢት ሙቀት ላይ ቀን ከሌት ለሠራ ማሽን ይህ ቀላል አይደለም። ለወደፊቱ ስትገዛ ከሱቁ ጋር በጽሑፍ "ለጌም ቤት ነው የምገዛው" ብለህ ተዋዋል፣ ዋስትናውም ይህን ይጥቀስ።

ካውያ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዴ ጥፋቱ የሱቁም የተጠቃሚውም አይደለም፣ የአሠራሩ ነው። የማይክሮሶፍት ጌም ማሽን ኤክስቦክስ 360 በወጣ ጊዜ ፊቱ ላይ ሦስት ቀይ መብራት እያበራ ይሞት ነበር፣ በየአገሩ ጩኸት ሆነ። በ2007 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ማይክሮሶፍት ለዚያ ብልሽት ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዘመ፣ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይም መደበለት። ቀኑ ያለፈባቸው ሰዎች ጭምር ተጠገነላቸው። ስለዚህ ሮቢት፣ ያንተ ሞዴል የታወቀ ችግር እንዳለበት ፈልግ። ሁለቱንም ደግሞ ስታቢላይዘር ላይ አድርጋቸው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው ፓወር ሰፕላዩን የሚመታው።

የጠባሴ ልጅ፦
ደብዳቤውን ማታ ጻፍኩት፣ አንድ ገጽ ሞላ። ኮፒም አደረግሁ። ቅዳሜ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ሰውዬው አልቀበልም ካለ ሱቁ ያለበት ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት እላለሁ። ጋሼ ካውያ፣ ከመሄዴ በፊት ያዩትን በጽሑፍ ይሰጡኛል? ማሽኑን ነገ ጠዋት ይዤ ልምጣ?

ካውያ፦
ና። ከነካርቶኑ አምጣው፣ ወንድምህም ይምጣ። ሳልፈታው ፎቶ ታነሣዋለህ፣ ስፈታውም እሱ ቪዲዮ ይቅረጸኝ። ያየሁትን ጽፌ ማኅተሜን አደርግበታለሁ። መሰኪያውን ግን አሁን አልነካውም፣ ጉዳይህ እስኪያልቅ እንዳለ ይቀመጥ።