ጥቆማ፦ በቅርቡ ለተገዛ ያገለገለ መኪና አላይመንት አዲስ አበባ ውስጥ የት ይሠራ?

ጥያቄ፦ በቅርቡ ያገለገለ ቶዮታ ቪትዝ ገዝቻለሁ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን ላላ አድርጌ ስይዘው መኪናው ወደ ቀኝ ይጎትታል። የፊት ግራ ጎማ ደግሞ በውስጥ በኩል ተበልቷል። ወደ ወኪሉ ጋራዥ ልሂድ፣ ባለ ማሽን ጎማ ቤት ይሻለኛል ወይስ የሰፈሬ ጎሚስታ ይበቃኛል?

መልስ፦ ቦታ ከመምረጥዎ በፊት የጻፏቸውን ሁለት ምልክቶች አብረን እንያቸው። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎችን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል፣ ሲባል በዋናነት ሦስት ማዕዘኖች ይለካሉ። ቶ የሚባለው ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ፊታቸውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዞራቸው ነው። ካምበር ከፊት ሲታይ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ካስተር ደግሞ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ያለው ዝንባሌ ነው። የፊት ቶ ሲዛባ ጎማ ይበላል፣ መሪውም መሃል ላይ አይቆምም፤ መኪናን ወደ አንድ ጎን መጎተት ግን ብዙውን ጊዜ የእሱ ሥራ አይደለም። የሚጎትተው የግራና የቀኝ ካምበር ወይም ካስተር ሲለያይ ነው። የእርስዎ ግራ ጎማ አናቱ ወደ ውስጥ ካዘነበለ፣ ውስጡ መበላቱም መኪናው ወደ ቀኝ ማምራቱም ከአንድ ምክንያት የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው። በቪትዝ ላይ ፋብሪካው በቀላሉ እንዲስተካከል ያዘጋጀው የፊት ቶን ብቻ ነው። ካምበሩ በቡሎን የሚዞር ማስተካከያ የለውም፤ ከተዛባ የጎበጠ ወይም ያለቀ ዕቃ አለ ማለት ነው። የታችኛው ክንድ ሊሆን ይችላል፣ ቦል ጆይንቱ (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ባለ ኳስ መጋጠሚያ) ሊሆን ይችላል፣ ጉድጓድ ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ያጎበጠው የፊት እግር ሊሆን ይችላል። እሱ ሳይቀየር አሥር ጊዜ አላይመንት ቢሠራ መጎተቱ አይቀርም።

ስለዚህ የእኔ መለኪያ አንድ ነው፤ ማሽኑን ከማብራቱ በፊት መኪናዎን ከፍ አድርጎ ጎማዎቹን በእጁ የሚነቀንቅ ቤት ይምረጡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው ክፍተት ካለ ቦል ጆይንት ወይም ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ከግራና ከቀኝ ይዞ ሲነቀንቀው ከሆነ ታይሮድ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ)። ይህን ሳያደርግ በቀጥታ ቁልፍ የሚያነሳ ባለሙያ ጋ መኪናዬን አልተውም።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ። የሰፈር ጎሚስታ ለጎማ ጥገና፣ ለአየርና ጎማ ለማቀያየር እጅግ ጠቃሚ ሰው ነው። በክር ወይም በመለኪያ ዘንግ ቶን በደህና የሚያስተካክሉ አሉ፤ ታይሮድ ቀይረው እስከ ማሽኑ ድረስ ለመንዳት ያህል ይበቃል። ካምበርና ካስተር ግን በክር በአስተማማኝ አይለኩም፣ የእርስዎ ጥያቄ ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ባለ ማሽን ጎማ ቤቶች ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ምርጫ ናቸው። በአራቱም ቸርኬ ላይ አንጸባራቂ ሰሌዳ ተሰቅሎ ካሜራ የሚያነብበት፣ ሥሪ ዲ የሚሉት ማሽን ያለበትን ይፈልጉ። ማሽኑ ግን ብቻውን ዋስትና አይደለም። ሲጀምሩ መኪናውን ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ፊት እንደሚያንከባልሉ ይመልከቱ፤ የቸርኬ ጥመት ልኬቱን እንዳያሳስት የሚያደርጉት ነው። የመኪናው ሞዴልና ዓመተ ምሕረት በትክክል መመረጡን ይጠይቁ። መሪው መሃል ላይ ሆኖ በማሰሪያ መያዙን ይዩ፤ ቶው ደግሞ ከሁለቱም ጎን ታይሮዶች መስተካከል አለበት። መሪው ጠሞ ሲቀር ከዘንጉ ነቅሎ በሌላ ጥርስ ላይ የሚሰካ ካጋጠመዎት ያስቁሙት፤ ስህተቱን መሸፈን እንጂ ማረም አይደለም።

ከሁሉም በላይ ከሥራው በፊትና በኋላ የተለካውን የሚያሳይ ወረቀት አትመው እንዲሰጡዎት አስቀድመው ይስማሙ። ወረቀት የማይሰጥ ቤት በዋጋ ቢረክስም አልመክረውም።

የወኪሉ ጋራዥ፣ ለቶዮታ ሞኤንኮ፣ ለሱዙኪ ታምሪን፣ ለሕዩንዳይ ማራቶን ማለት ነው፣ ወጪው ከፍ ይላል። መኪናው ተጋጭቶ እንደነበር ከጠረጠሩ ግን ወደዚያ መሄድ ተገቢ ነው። ቪትዝ በሚል ስም ጃፓን ውስጥ ይሸጥ የነበረው መኪና በቀኝ መሪ የተሠራ መሆኑንም አይርሱ። የእርስዎ መሪው ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ፣ የመሪው ሳጥንና ታይሮዶቹ በትክክል መታሰራቸውን የሚያይ ጠንቃቃ መካኒክ ያስፈልግዎታል።

አራቱን ጎማ ላስለካ ወይስ ፊቱን ብቻ የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የቪትዝ የኋላ አክሰል አንድ ወጥ ስለሆነ በተለመደው አሠራር አይስተካከልም፤ «የኋላውንም አስተካክለናል» ካሉዎት ምን እንደነኩ ይጠይቁ። ቢሆንም ያስለኩት። የኋላው ቁጥር የተዛባ ከሆነ መኪናው ተመትቶ ያውቃል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህን በገዙ ሰሞን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። እንደ ራቭ ፎር ያሉ የኋላ ጎማቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀስ መኪኖች ላይ ግን የኋላው ቶም ይስተካከላል።

ሌላ መልስ፦ መኪና ነድቼ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ከላይ በተባለው ላይ የምጨምረው አለኝ። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የአራቱንም ጎማ አየር በሾፌር በኩል ባለው የበር ፍሬም ላይ በተለጠፈው መጠን ይሙሉ። ከዚያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ከሌላቸው ሁለቱን የፊት ጎማዎች ያቀያይሯቸው። መጎተቱ ወደ ግራ ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ትንሽ ወደ ቀኝ ማዘንበል ደግሞ የመንገዱም ሊሆን ይችላል፤ አስፋልቱ ውኃ እንዲወርድ ወደ ዳር ዝቅ ይላልና።

መሪው በሰዓት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ባላንሲንግ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን) እንጂ አላይመንት አይደለም የሚያስፈልግዎት። ከተማ ውስጥ ይህን ፍጥነት አያገኙትም፤ እኔ የማረጋግጠው በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ነው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። የተበላውን ጎማ መጀመሪያ ልቀይረው ወይስ ከአላይመንቱ በኋላ?

መልስ፦ መጀመሪያ ያለቀው ዕቃ ይቀየር፣ ቀጥሎ ጎማው ከነባላንሲንጉ፣ መጨረሻ ላይ አላይመንት። ያልተስተካከለ እግር ላይ የገባ አዲስ ጎማ ቶሎ ይበላል፤ በአንድ ቀን አያይዘው ይጨርሱት። ጎማ ሲገዙ የሆራይዘን አዲስም ይሁን ከውጭ የገባ፣ ጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ታዋቂ ስም ካለው ግን መጋዘን ውስጥ ከከረመ ጎማ ይልቅ በቅርቡ የተመረተውን መካከለኛ ጎማ እመርጣለሁ። ከፊት ደግሞ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ይቀይሩ፤ አንዱን ብቻ ከቀየሩ ያ መጎተት በሌላ በኩል ሊመለስብዎት ይችላል።