ታካሚ ሲወጣ ሳይረጋገጡ የቀሩ የመድኃኒት ትዕዛዞችን እንዴት እንዝጋቸው?

ጥያቄ፦ ከተኝቶ ሕክምና ፋርማሲ

ውድ ባልደረቦች፣ በተኝቶ ሕክምና ፋርማሲ የትዕዛዝ ማረጋገጫ ወረፋውን በኃላፊነት የምከታተል ፋርማሲስት ነኝ። ሁልጊዜ ጠዋት ሲስተሙን ስከፍት፣ ትናንት ከሆስፒታል የወጡ ታካሚዎች ትዕዛዞች «ያልተረጋገጠ» የሚል ምልክት እንደያዙ፣ ዛሬ ተኝተው ከሚታከሙት ትዕዛዞች ጋር ተደባልቀው አገኛቸዋለሁ። የተረጋገጡት ትዕዛዞች የመውጫው ሰዓት ሲመዘገብ በራሳቸው ይቋረጣሉ፤ እነዚህ ግን ሰው እስኪነካቸው ድረስ እዚያው ይቆያሉ።

በክፍላችን የቆየው ልማድ፣ የማታው ተረኛ ሁሉንም በአንድ ላይ መርጦ ካረጋገጠ በኋላ ወዲያው እንዲያቋርጣቸው ነበር። ወረፋው በዚህ ይጸዳል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። በቅርቡ እንዲህ ከተረጋገጡት አንዱ በቀን 2 ጊዜ የሚሰጥ የኢኖክሳፓሪን፣ ማለትም የደም መርጋትን የሚከላከል መርፌ፣ ትዕዛዝ ነበር፤ የታካሚዋ የክሬቲኒን ውጤት ደግሞ ኩላሊቷ ያንን መጠን እንደማይችል በግልጽ ያሳይ ነበር። መድኃኒቱ ለእሷ ባይሰጥም፣ አንድ ፋርማሲስት መጠኑን መርምሮ ተገቢ ነው ብሎ እንደፈረመ በመዝገቧ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። ከዚህም በላይ ትዕዛዙ ተረጋግጦ እስኪቋረጥ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሌብል ታትሞ ስለነበር፣ መርፌው ተዘጋጅቶ ወደ ዋርዱ ተላከ። በዚያው አልጋ ላይ በዚያ ሰዓት ሌላ ታካሚ ተኝቶ ነበር። ነርሷ ሌብሉ ላይ ያለውን ስም ከታካሚው የእጅ አምባር ጋር አስተያይታ መለሰችው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ ሳያረጋግጡ ማቋረጥ ይሻላል ወይ? መጠኑ ለታካሚው ከተሰጠ በኋላ ሳይረጋገጥ የቀረውንስ ምን ታደርጉታላችሁ?

መልስ 1፦ ከክሊኒካል ፋርማሲስት

ባልደረባዬ፣ ከሁሉ በፊት ያ በጅምላ ማረጋገጥ ዛሬውኑ ይቁም እላለሁ። ማረጋገጥ ማለት አለርጂውን፣ መጠኑን፣ የኩላሊትና የጉበት ሁኔታውን፣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለውን መስተጋብር አይቼ ይሰጥ ብያለሁ የሚል ፊርማ ነው። ይህን ሳያደርጉ ወረፋ ለማጽዳት ብቻ መፈረም፣ ያልተሠራን ምርመራ እንደተሠራ አድርጎ መመዝገብ ነው፤ ነገ አንድ ሰው ያንን መዝገብ ከፍቶ ሲያነብ ደግሞ እውነት ነው ብሎ ያምነዋል።

እኛ ትዕዛዞቹን የምንለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከዚህ ትዕዛዝ ለታካሚው የተሰጠ መጠን አለ ወይስ የለም? መልሱን ለማግኘት የነርሶችን የመድኃኒት አሰጣጥ መዝገብ ብቻ ማየት በቂ ስላልሆነ፣ በዋርዱ ካለው የመድኃኒት ካቢኔ የወጣውንም እናያለን። በሁለቱም ምንም ከሌለ ትዕዛዙን ሳናረጋግጥ እናቋርጠዋለን፤ ምክንያቱንም «ታካሚው ወጥቷል፤ አልተሰጠም» ብለን እንጽፋለን።

ከባዱ ሁለተኛው ነው። ነርሷ በአስቸኳይ ሁኔታ፣ የፋርማሲስት ማረጋገጫ ሳትጠብቅ ከካቢኔ አውጥታ የሰጠችው መድኃኒት በሕጋዊ መንገድ የተሰጠ ሊሆን ይችላል፤ ትዕዛዙ ግን በፋርማሲው ዘንድ ገና ያልታየ ነው። አንድ ጊዜ የገጠመንን ልንገራችሁ። አንድ ታካሚ ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ለሕመሙ ከ10 ሚሊግራም አምፑል ውስጥ 5 ሚሊግራም ሞርፊን ተሰጥቶት፣ ቀሪው 5 ሚሊግራም በምስክር ፊት ተወገደ። ትዕዛዙ ሳይረጋገጥ ታካሚው ወጣ፤ ከእኛ አንዱም ወረፋውን ሲያጸዳ «አልተሰጠም» ብሎ ዘጋው። በፈረቃ ርክክብ ላይ ካቢኔው አንድ አምፑል ወጥቷል ይላል፣ ሲስተሙ ደግሞ የተሰጠ ነገር የለም ይላል፤ ሥራዋን በአግባቡ የሠራች ነርስም ግማሽ ቀን ሙሉ ስትጠየቅ ዋለች። ያ ጥፋት የእኛ ነበር።

ስለዚህ የተሰጠ መጠን ካለ ትዕዛዙን በእርግጥ እንመረምረዋለን፤ የምንፈርመውም ምርመራውን ባደረግንበት ትክክለኛ ሰዓት ነው እንጂ ወደኋላ መልሰን አይደለም። ማስታወሻ ላይ «ከተሰጠ በኋላ የታየ» ብለን እንጽፋለን። ስንመረምር ችግር ካገኘን፣ ለምሳሌ በአለርጂ የተመዘገበ መድኃኒት ሆኖ ከተገኘ፣ ታካሚው ቤቱ ገብቷልና አልፏል አንልም፤ ለሐኪሙ እንደውላለን፣ ታካሚውም እንዲጠየቅ እናደርጋለን።

መልስ 2፦ ከዋርድ ነርስ

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር እንዳይረሳ። በብዙ ሲስተሞች ታካሚው ይዞት ወደ ቤቱ የሚሄደው መድኃኒት ትዕዛዝም በዚያው ወረፋ ውስጥ ይገባል። የወጣ ታካሚን ትዕዛዝ ሁሉ በአንድነት የሚያቋርጥ ሰው ይህንንም አብሮ ያቋርጠዋል፤ ታካሚው ደግሞ ልብሱን ለብሶ፣ በመስኮቱ ፊት መድኃኒቱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የመድኃኒት ጉዳትን ለመቀነስ የጀመረው ዓለም አቀፍ ዘመቻ ታካሚ ከአንድ የሕክምና ቦታ ወደ ሌላ የሚሸጋገርበትን ወቅት ከሦስቱ ቅድሚያ ትኩረቶች አንዱ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። የቤት መድኃኒቶቹ ታካሚው ከመነሳቱ በፊት፣ ከሌላው ሁሉ ቀድመው ይታዩ።

መልስ 3፦ ከጤና መረጃ ሥርዓት ባለሙያ

ችግሩ ከሰዎቹ ይልቅ በሲስተሙ ሕግ ላይ ያለ ይመስለኛል። ታካሚ ሲወጣ የምዝገባው ሲስተም ለፋርማሲው ሲስተም የጤና ሲስተሞች መረጃ በሚለዋወጡበት በኤችኤል 7 ደንብ ኤ03 የተባለውን መልእክት ይልካል። ብዙ ጊዜ ይህን መልእክት ተቀብሎ ትዕዛዝ የሚያቋርጠው ሕግ የተጻፈው «በሥራ ላይ ያለ» የሚል ሁኔታ ላላቸው ትዕዛዞች ብቻ ነው፤ ያልተረጋገጠው ትዕዛዝ «በመጠባበቅ ላይ» ስለሚባል ሕጉ አያየውም። ጠያቂው የሚያዩት ክምችት ከዚህ የመጣ እንደሆነ የሲስተም ክፍላችሁን ጠይቁ።

ይሁን እንጂ ሕጉን አስፍቶ ሁሉንም ወዲያው እንዲያቋርጥ ማድረግ የባሰ ነው። መውጣቱ በስህተት ተመዝግቦ ሊሰረዝ ይችላል፤ ለዚህም ኤ13 የተባለ መልእክት አለ፣ ነገር ግን ብዙ ሲስተሞች ያቋረጡትን ትዕዛዝ በዚህ መልእክት መልሰው አያስነሱም። አልጋ የቀየረን ታካሚ በዝውውር መልእክት በኤ02 ፈንታ አስወጥቶ እንደገና የሚያስገባ ዋርድም አይጠፋም።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው፦ ኤ03 ሲደርስ ያልተረጋገጡት ትዕዛዞች ሳይቋረጡ ከዋናው ወረፋ ወጥተው ወደ ተለየ ዝርዝር ይግቡ፤ እዚያ ሳሉ ሌብል ማተም፣ መድኃኒት ማውጣትና ሒሳብ ማስላት ይታገድ። እናንተ የተስማማችሁበት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ምንም መጠን ያልተሰጠባቸውን ሲስተሙ በራሱ ስም ይዝጋቸው፤ ፋርማሲስቱ ባልነካው ትዕዛዝ ላይ የፋርማሲስቱ ስም አይጻፍ። የተሰጠ መጠን ያለው ትዕዛዝ ግን በማንኛውም ሁኔታ በራሱ አይዘጋ፤ ሰው ይጠብቅ። ሰዓቱን ስታሰሉም መልእክቱ የደረሰበትን ሳይሆን በመልእክቱ ውስጥ የታካሚውን ቆይታ በሚገልጸው በፒቪ1 ክፍል 45ኛ መስክ ላይ የተጻፈውን የመውጫ ሰዓት ተመልከቱ፤ ጸሐፊዋ የጠዋቱን መውጫ ከሰዓት በኋላ ልታስገባው ትችላለችና።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጅምላ ማረጋገጫውን ቁልፍ ለማዘጋት ጥያቄ አቅርቤያለሁ፤ እስከዚያው ድረስ ተረኞቹ ከካቢኔው የወጣውን ሳያዩ እንዳይዘጉ ተስማምተናል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ታካሚው በዚያው ቀን ተመልሶ ቢተኛ፣ ያልተረጋገጠውን የፊት ትዕዛዝ ወደ አዲሱ ምዝገባ ማምጣት ይቻላል?

መልስ 1፦ ከክሊኒካል ፋርማሲስት

አታምጡት። የተመለሰው ሁኔታው ስለተለወጠ ሊሆን ይችላል፤ የፊተኛው ትዕዛዝም በማንም ያልታየ ነው። ሐኪሙ በአዲሱ ምዝገባ ላይ እንደ አዲስ ይዘዘው። ከመውጣቱ በፊት የተሰጠው የመጨረሻ መጠንና ሰዓቱ ግን ለሐኪሙ ይነገረው፤ አለበለዚያ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።