የበግ ቆዳው ሸተተብኝ፤ ምን ላድርግ?

ደሴ ውስጥ ስለ ጭነት አህዮች የሥነ ጥበብ ሥራ እየሠራሁ ነው፤ አሮጌ ኩርታን፣ ላብ የጠጣ መጫኛ፣ ከሥሩ የተዘረጋ ጥሬ የበግ ቆዳ። ቆዳውን ጨው ነስንሼ ወጠርኩት፤ የጦሳ ተራራ ጉም ግን አላደርቀው ብሎ ከጠርዙ ጸጉሩ በእጄ እየተነቀለ ይመጣል። አከራዬም «ልጄ፣ ምን ሞቶብህ ነው?» ይሉኛል።

እንግሊዛዊው አርቲስት ዴሚየን ኸርስት እ.ኤ.አ. በ1991 ፎርማሊን ውስጥ ያቆመው ሻርክ እንኳ በስብሶ በ2006 በሌላ ተተክቷል። እርሱስ ገንዘብ ነበረው።

ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ ወስጄ ላስለፋው አስቤ ነበር፤ ግን ለማልፊያ የሚውለው የክሮም ኬሚካል ፍሳሽ ወንዝን እንደሚጎዳ እያወቅሁ ስለ ተፈጥሮ ላወራ?

ቆዳ በባህላዊ መንገድ የምታለፉ፣ በዚህ እርጥበት እንዴት ታደርጋላችሁ? የለቀቀውን ጠርዝ ቆርጬ ቀሪውን እንደገና ጨው ላልብሰው ወይስ ሙሉውን ልጣለው? ዐውደ ርእዩ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።