የኪቢው ግድያ፦ ፍርድ ቤቱ እውነት «ሥራውን ሠርቷል»?

የአራት ኪሎው፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ «እንግሊዝ ሌላው ቢቀር ፍርድ ቤት አስተምሯቸዋል፤ የኪቢውን ግድያ እዩ፣ ፍርድ ቤቱ ሥራውን ሠርቷል» የሚል አስተያየት አነበብኩ። ደሜ ፈላ። ቦታው ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው ጎልድ ኮስት ነው፣ የዛሬዋ ጋና። የአክየም አቡዋክዋው ንጉሥ ናና ኦፎሪ አታ በ1943 ሞቱ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። በየካቲት 1944 የመጨረሻው የሐዘን ሥርዓት በመዲናቸው ኪቢ ላይ ሲደረግ፣ የአፔድዋ መንደር ሹም አክዬ ሜንሳ ደብዛው ጠፋ። ዐቃቤ ሕግ «ደሙ ለንጉሡ በርጩማ ተፈልጎ ነው የገደሉት» አለ። ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች 8ቱ ሞት ተፈረደባቸው። ሬሳ ግን የለም። ሬሳ ሳይገኝ 8 ሰው ወደ ገመድ፣ ይሄ ነው ሥራ?

ጡረተኛው ጠበቃ፦ ልጄ፣ ረጋ በል። ሬሳ አለመገኘቱ ብቻውን ማንንም ነፃ አያወጣም። እንደዚያ ቢሆን ሬሳ መደበቅ የቻለ ሁሉ እጁን ታጥቦ ቤቱ ይገባ ነበር። ደግሞ በአንድ ችሎት አላለቀም። ይግባኙ ለንደን ፕሪቪ ካውንስል፣ የቅኝ ግዛቶቹ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ድረስ ሄዷል። ለተከሳሾቹ ሲሟገት የነበረውም ተራ ሰው አይደለም፣ የሟቹ ንጉሥ ወንድም ዶክተር ጄ.ቢ. ዳንኳ ነው፣ ሕግ ለንደን የተማረ።

የአራት ኪሎው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ለንደን መድረሱ ምን ይጨምራል? ከሳሹም ዳኛውም ይግባኝ ሰሚውም የአንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ሰዎች ናቸው። በርጩማውን ደግሞ አስቡት። በአካን፣ ማለትም አክየሞች በሚገኙበት ሕዝብ ባህል ንጉሥ ሲሞት የሚቀመጥበት በርጩማ ይጠቁርና የአያቶቹ በርጩማዎች ወዳሉበት ክፍል ይገባል። ለዚህ በግ ይታረዳል። ነጩ ሹም ግን ጥቁር በርጩማና ደም የሚል ነገር ከሰማ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ግማሹን የፈረደው ፍርሃቱ ነው።

ሰሊጥ፦ ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ተከሳሾቹና ስለ እንግሊዝ ነው። ሟቹስ? አክዬ ሜንሳ የጠፋ ዶሮ አይደለም። «ሹማችን የት ገባ?» ብለው የጮኹት የገዛ አገሩ ሰዎች ናቸው፣ ነጭ አይደለም። የአራት ኪሎው፣ አንተ «ነጩ ሹም ፈርቶ ነው» ስትል የእነዚያን ሰዎች ጩኸት ከመዝገቡ ታወጣዋለህ። የቤተ መንግሥት ቤተሰብ ተከሶ የመንደር ሰው የተሰማበት ጊዜ ስንት ነው?

የአራት ኪሎው፦ እህቴ፣ ጩኸታቸውን አልካድኩም። የምለው «ሥራውን ሠርቷል» የምትለዋ ነገር አትዋጥልኝም ነው። ፍርዱ የተሰጠው በ1944 መጨረሻ። የተሰቀሉት መጋቢት 1947። በመሀል የስቅላት ቀን ይቆረጣል፣ ይሻራል፣ እንደገና ይቆረጣል። ሰው ነገ ትሰቀላለህ ተብሎ ያድራል፣ ከዚያ ቆይ ይባላል። ነገሩ ቸርችልን ሳይቀር ፓርላማ ውስጥ አስነሥቶ አናግሯል፣ ቸርችልን! መጨረሻ ላይ ከ8ቱ 3ቱ ብቻ ተሰቀሉ። ማስረጃው ለሁሉም አንድ ከሆነ ለምን 3?

ጡረተኛው ጠበቃ፦ ቀኑን ማን አስለወጠው? አቤቱታውን በአቤቱታ ላይ ሲከምር የነበረው የተከሳሾቹ ወገን ነው። መብታቸው ነው፣ እኔም በቦታቸው ብሆን አደርገዋለሁ። ግን ራስህ ያዘገየኸውን ፍርድ ቤቱ ዘገየ ብለህ አትክሰስ። የጎልድ ኮስቱ እንግሊዛዊ ገዢ አለን በርንስማ ቅጣቱ ካልተፈጸመ ሥልጣኔን እለቃለሁ እስከማለት ደርሷል።

የአራት ኪሎው፦ ይኸው! ገዢ «ካልተሰቀሉ እለቃለሁ» ካለ ጉዳዩ የሕግ ነው ወይስ የክብሩ? ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ መለሱልኝ።

ጡረተኛው ጠበቃ፦ አልመለስኩልህም። ፍርድ ካልተፈጸመ ዋጋ የለውም ማለት የክብር ጉዳይ አይደለም።

የመርካቶ ልጅ፦ እኔ የሚገርመኝ እንግሊዝ ፍርድ አስተማረ የሚለው ነው። እኛ አገር አውጫጭኝ ነበር። ወንጀል ሲፈጸም አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያለ ፈረንጅ ዳኛ ሌባም ነፍሰ ገዳይም ይያዝ ነበር።

ሰሊጥ፦ ወንድሜ፣ አውጫጭኝን እንዲህ አታሞግሰው። ከብቱ ሳይጠበቅ፣ እርሻው ሳይታረስ ቀኑ ያልቃል። የሚጠቆመውም ብዙ ጊዜ ዘመድ የሌለው ሰው ነው። አፔድዋ ላይ ቢደረግ የቤተ መንግሥት ሰው ስም ማን ደፍሮ ይጠራል? እኔ በዚህ በዚህ ከጋሼ ጋር ነኝ።

የመርካቶ ልጅ፦ ዘመድ የሌለው ብቻ ይጠቆማል ያለሽ ማነው? አያቴ በአውጫጭኝ ባላባት ሲጋለጥ አይተዋል። ባላየሽው አትፍረጂ።

የአራት ኪሎው፦ አውጫጭኙን ተዉትና ወደ ኪቢ እንመለስ። ዳንኳ ከስቅላቱ ጥቂት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 1947፣ የነፃነቱን ፓርቲ ከመሠረቱት አንዱ ነው። በ1948 እንግሊዝ ከንክሩማ ጋር አሰረው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው ለምን ተቆጣ? ፍርድ ቤቱ ሥራውን ስለሠራ?

ጡረተኛው ጠበቃ፦ ዳንኳን ካነሣህ ጨርሰው። በ1965 የሞተው ንሳዋም እስር ቤት ነው፣ በነፃዋ ጋና፣ በንክሩማ ዘመን፣ ያለ ፍርድ ታስሮ። ለ8ቱ ሰዎች ይግባኝ ነበራቸው። ለእሱ ችሎት የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለቱን አስተያይና ንገረኝ።

የአራት ኪሎው፦ ጋሼ ይሄ አይደለም ጥያቄው! የንክሩማ ጥፋት የበርንስን አያጥብም። ንክሩማ ሰውን ያለ ፍርድ ማሰርን ከማን ተማረ? ዳንኳንና ራሱን በ1948 ያለ ፍርድ ያሰረው ማን ነው?

ሰሊጥ፦ አሁንም አክዬ ሜንሳን ማን እንደገደለው አንዳችሁም አልነገራችሁኝም። የአራት ኪሎው፣ 8ቱ ካልገደሉት ሰውየው የት ገባ? ይህን ሳትመልስ ወደ ንክሩማ አትሂድብኝ።

የአራት ኪሎው፦ እሱን ማረጋገጥ የከሳሽ ሥራ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ጡረተኛው ጠበቃ፦ ተረጋግጧላ! በሁለት ይግባኝ ጸንቷል እያልኩህ።