ክረምቱን ሸራ ሥር የከረመ የጀልባ ሞተር፦ ሐይቅ ላይ ከማውረዳችን በፊት ምን እንይ?

የፍቅር ሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከሐዋሳ ነኝ። አጎቴ አንዲት የፋይበር ጀልባ አለቻቸው። ሞተሯ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልለት ዓይነት። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ከሐይቁ አውጥተናት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ከረመች። አሁን ለመስቀል እንግዶች ይመጡብናል፤ አጎቴ ደግሞ ጉማሬ ላሳያችሁ ብለው ቃል ገብተውላቸዋል።

ትናንት በርሜል ውሃ ሞልተን ሞተሩን ሞከርነው። ገመዱን ስንት ጊዜ ጎትተን በመከራ ተነሳ። ቀስ ብሎ ሲሠራ ደህና ነው፤ ቤንዚን ስሰጠው ግን እፍን ብሎ ይጠፋል። ታንከሩ ውስጥ ያለው የሰኔው ቤንዚን ነው። አጎቴ «ካንዴላ ቀይርና እናውርዳት» ይላሉ፤ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለዋን ማለታቸው ነው። ዩቲዩብ ላይ የማያቸው ፈረንጆች ደግሞ ከክረምት በኋላ ከሞተሩ ሮዝ ፈሳሽ ሲያወጡ ነው የሚውሉት። እኛ ምንም አልጨመርንም። ያስፈልግ ነበር እንዴ?

መካኒኩ ከአሞራ ገደል፦
ሮዙን ፈሳሽ እርሳው ወንድሜ። እሱ በረዷማ አገር ላይ ሞተር ውስጥ የቀረ ውሃ ረግቶ ብረቱን እንዳይሰነጥቅ የሚጨመር ነው። እኛ አገር ሞተር የሚገድለው ያረጀ ቤንዚንና እርጥበት ነው።

ያንተም ሞተር የታፈነው በዚሁ ይመስለኛል። ቤንዚን ሲቆይ ቀላል ቀላሉ ይተንና ሙጫ ይተዋል። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ በጣም ጠባብ ናቸው። ቀስ ሲል በትንሿ ቀዳዳ ይሠራል፤ ቤንዚን ስትሰጠው ትልቋ ስለተደፈነች ይጠፋል። ካርቡሬተሩን ፈትተህ በማጽጃ ስፕሬይና በኮምፕሬሰር አየር አጽዳው። ሽቦ እንዳታስገባበት! ቀዳዳው ከሰፋ ቤንዚን ሲጠጣ ይኖራል።

ከታንከሩ ሥር ትንሽ ቤንዚን በንጹሕ ሃይላንድ ቅዳና አቁመው። ውሃ ካለበት ታች ወርዶ መስመር ሠርቶ ታየዋለህ። አጎትህን ጥራና አሳያቸው። አዲስ ቤንዚን ስትቀዳ መመሪያው 50 ለ 1 ካለ፣ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። የጀልባ ቱ ስትሮክ ዘይት ማለቴ ነው፤ የሞተር ሳይክሉን አይደለም።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። የማይነሳ ሞተር ደግ ነው፣ ግቢ ውስጥ ነው የሚያስቀርህ። እኔን የሚያሳስበኝ ታች ያለው ካምቢዮ ነው፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞሩት ጥርሶች ዘይት ውስጥ ያሉበት። ፕሮፔለሩን ፍታና ከኋላው እይ። የመረብ ናይለን ተጠምጥሞ ይጠብቅህ ይሆናል፤ እዚህ የማያቸው ጀልባዎች አብዛኞቹ አላቸው። ናይለኑ ሲሉን፣ ማለትም ዘይቱ እንዳይወጣ ውሃም እንዳይገባ ዘንጉን የሚይዘውን የጎማ ቀለበት ይቆርጠዋል፣ ውሃ ይገባል፣ ጥርሶቹ ዝገው ያልቃሉ። የካምቢዮውን ዘይት ለማየት የታችኛውን ብሎን ፍታ፣ ቀጥሎ የላይኛውን። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወረደ ሲሉ ይቀየር። አዲሱን ዘይት ከታች ወደ ላይ ግፋው። በላይኛው ቀዳዳ ሲፈስ መጀመሪያ የላይኛውን ብሎን ዝጋ፤ ከዚያ ቱቦውን ነቅለህ ቶሎ የታችኛውን። ከላይ ልሙላልህ የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ሞተርህን ይዘህ ውጣ። አየር ታፍኖ ጎዶሎ ነው የሚቀረው።

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፓምፕ ጎማም እይ። ሳይንቀሳቀስ ከከረመ ክንፎቹ እንደታጠፉ ይደርቃሉ። ሞተሩ ሲነሳ በጎኑ የሚተፋት ቀጭን ውሃ ካልመጣች ወዲያው አጥፋው። ያለ ውሃ ደግሞ ለአፍታም አታስነሳው።

ቆሮሶ፦
ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ የምጨምረው የታንከሩ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ብሎን ነው። ተከፍታለች? ከተዘጋች በእጅ የምንጨምቃት ጎማ ጭምድድ ትልና ሞተሩ ይጠፋል። እንቢ ካለህ ደግሞ ካንዴላውን ፍታና በቀዳዳው ትንሽ ቤንዚን ጠብ አድርግ። እኛ እንደዛ ነው የምናስነሳው።

መካኒኩ ከአሞራ ገደል፦
የአየሯን ብሎን ጥሩ አስታወስከኝ። ንጹሕ ቤንዚኑን ግን ተው ልጄ። ቱ ስትሮክ ዘይት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ዘይት የሌለው ቤንዚን ሲሊንደሩን አጥቦ ፒስተኑን ያስፍቀዋል። የግድ ከሆነ የተቀላቀለውን ጠብ አድርግ።

የፍቅር ሐይቅ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሃይላንዱ ሥር ሁለት ጣት ያህል ውሃ ተኛ። አጎቴ ወደ ፀሐይ አንስተው ሲያዩት ቆዩና «ካንዴላውስ?» አሉ። ካርቡሬተሩ ከተጠበ ወዲህ ሞተሩ ቤንዚን ሲሰጡት ያገሳል። ግን ፕሮፔለሩ ሥር አረንጓዴ ናይለን አገኘሁ፤ ዘይቱም ያው ማኪያቶ ነው። ሲሉን ከየት ላምጣ? ደግሞ አምናም ስድስት ሰው ስንጭን አፍንጫዋን ቀስራ መሄድ ያቅታት ነበር። እሱም ከዚሁ ነው?

መካኒኩ ከአሞራ ገደል፦
አሮጌውን ሲል ሳትጥል ኩሽኔታ የሚሸጡ ቤቶች ይዘህ ሂድ። ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ ሦስት ቁጥር አለ፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ከጠፋ በካሊፐር ይለኩልሃል። ስትገጥመው ከንፈሩን ግራሶ ቀባው፤ ዘንጉ ላይ ናይለኑ የቦረቦረው መስመር ካለ ግን አዲሱም ሲል አይዝልህም።

ሁለተኛው ከሲሉ አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ከ15ቱ የፈረስ ጉልበት ሁለት ያህሉ እዚሁ ይቀራል። ወይ ጥምዝዙ አነስ ያለ ፕሮፔለር ፈልግ፣ ወይ አራት ሰው ጫን። እኔ አራት ሰው እላለሁ።

ቆሮሶ፦
እንግዶቹንም በጠዋት ውሰዷቸው፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ አያስቀርብም። የሕይወት ጃኬቶቹን አይጥ እንዳልበላቸው እዩ። ለዝናብ ውሃ ብላችሁ የነቀላችሁት ከኋላ ያለው ቡሽስ፣ አለ?

የፍቅር ሐይቅ ልጅ፦
ቡሹ የለም! ፍለጋ ልውጣ።