የመንግስት ት/ቤቶችም እንደ ግሉ ይወዳደሩ? (ክርክር)

የአራት ኪሎው፦
ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ጠዋት ልጄ የሚማርበት የመንግስት ት/ቤት የወላጅ ስብሰባ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ተብለን ሶስት ተኩል ላይ ተጀመረ እሱን ተዉት። ብቻ ከላይ የመጣ አንድ ሰው ተነስቶ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «ከእንግዲህ የመንግስት ት/ቤቶችም እንደ ግሉ ይወዳደራሉ፣ በፈተና ውጤት ደረጃ ይወጣላቸዋል፣ ዳይሬክተሩም በዛ ይመዘናል፣ የአመራር ፈጠራ ያስፈልገናል»። ግማሹ ወላጅ አጨበጨበ ግማሹ ስልኩን ይጎረጉራል። ሀሳቡ መጥፎ አይመስለኝም ግን የሆነ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። እዚህ መምህራንም ወላጆችም አላችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ፣ ት/ቤት ከት/ቤት ይወዳደር? ለዳይሬክተሩስ እንደ ግል ባለቤት ሙሉ ስልጣን ይሰጠው? ስድብ የለም በናታችሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦
መወዳደርማ አለባቸው!! ምን ጥያቄ አለው። እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ወጣን፣ አሁን ከከተማ ዳር ነው የምኖረው ግን ልጆቼን ከግል ት/ቤታቸው ላወጣቸው ፈርቼ እስካሁን በሰርቪስ እየተመላለሱ ነው፣ ትልቁ ዘንድሮ 12ኛ ነው። ክፍያው በየጊዜው ይጨምራል ወገቤ ተቆርጧል ግን እከፍላለሁ። ለምን መሰላችሁ፣ ልጄ አንድ ቀን ሲቀር ሶስት ሰዓት ሳይሞላ ይደወልልኛል። የእህቴ ልጅ የመንግስት ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር ፑል ቤት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲውል ማንም አልደወለላትም፣ የሰማችው ከጎረቤት ነው። ተማሪ ቢያጣ የሚደነግጥ ዳይሬክተር ቢኖር እንዲህ ይሆን ነበር?

ቀልደኛው፦
ፑል ቤቱማ ከት/ቤቱ በላይ ተወዳዳሪ ሆኖ እኮ ነው 😂

ቲቸር ኬሚስትሪ፦
እህቴ ስልኩ ላይ ልክ ነሽ፣ አልከራከርሽም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔ ጠዋት የመንግስት መምህር ነኝ፣ በሳምንት ሶስት ቀን ከሰዓት ደግሞ አንድ የግል ት/ቤት ፓርት ታይም አስተምራለሁ፣ ኑሮ ነው። ያው እኔ ነኝ፣ ያው መፅሀፍ ነው፣ ያው ሞል ኮንሰፕት ነው። እዛ ክፍል 38 ተማሪ አለ እዚህ 64፣ እዛ አምስት ደቂቃ ባረፍድ ዩኒት ሊደሩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ እዚህ ሀያ ደቂቃ ባረፍድ ከሞኒተሩ በቀር የሚያውቅ የለም። ይሄን ሳልዋሽ ነው የምናገረው፣ እኔ ራሴ እዛ ስሄድ እሮጣለሁ እዚህ እራመዳለሁ። ስለዚህ አመራር ለውጥ አያመጣም የሚለኝ ሰው ውሸቱን ነው።

የሚያስቀኝ ግን ይሄ «ፈጠራ» የሚባለው ነገር ነው። 17 አመት አስተማርኩ። ስገባ ቢፒአር (የአሰራር ሂደት ለውጥ) ነበር፣ ቀጥሎ ቢኤስሲ የሚባል የስራ መመዘኛ መጣና ውጤት ተኮር ቅፅ ሙሉ ተባልን፣ አንድ መሪ ለአምስት ሰው ሆናችሁ 1 ለ 5 ተደራጁ ተባለ፣ የትምህርት ልማት ሰራዊት ሆንን (ደረጃ የሌለው ሰራዊት)፣ ከዛ ካይዘን የሚሉት የጃፓን አሰራር መጣና አምስቱን «ማ»፣ ማጣራት ማስቀመጥ ማፅዳት ምናምን ብለን ስታፍ ክፍሉን አፀዳን፣ እውነት ለመናገር እሱ ጠቅሞናል የጠፋው ቁልፍ ተገኝቷል። ግን የትኛውም ክፍል ውስጥ አልገባም፣ ቦክስ ፋይል ውስጥ ነው የገባው። ኢንስፔክሽን በ26 ስታንዳርድ ይመዝናል፣ ግብዓት ሂደት ውጤት እያለ ከደረጃ 1 እስከ 4 ይሰጣል፣ ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ እኛ ጋ ግን ሊመጡ ነው ሲባል የአንድ አመት ቃለ ጉባኤ በሁለት ሌሊት ነበር የሚፃፈው። አሁን ደግሞ ውድድር ከተባለ የምንወዳደረው በፋይል ውፍረት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ቲቸር አመሰግናለሁ ስላመንክ። እሮጣለሁ እራመዳለሁ ያልከው ግን አሳዘነኝ፣ የደሃ ልጅ ጋ ስትደርስ ነው የምትራመደው ማለት ነው?

ቲቸር ኬሚስትሪ፦
እውነትሽን ነው። መልስ የለኝም።

ዳታ፦
ሁላችሁም በስሜት ነው የምታወሩት። ቁጥሩን እንየው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3% ናቸው፣ በ2015 3.2%፣ በ2016 5.4%፣ በ2017 8.4%። በ2015 ብቻ ከ1,300 በላይ ት/ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም፣ አንድም! ከዛ በፊት እኮ ፒያሳና መገናኛ አጥር ላይ የሚሰቀለው ባነር ሁሉም 100% ነበር። ማን ነበር ተወዳዳሪ? ኩረጃው ነበር። ፈተናው ከት/ቤት ሲወጣ ባነሩም አብሮ ወረደ። ስለዚህ መለካቱ ይቅር አልልም፣ እንዲያውም ያሳወቀን መለካቱ ነው። ችግሩ ምን እንደምንለካ ነው። 6ኛ እና 8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለ አይደል፣ ልጁ 6ኛ ላይ ስንት ነበር 8ኛ ላይ ስንት ሆነ፣ 12ኛ ላይስ፣ ት/ቤቱ በዚህ መሀል ምን ጨመረበት፣ ይሄ ይለካ። 85 ይዞ የገባን ልጅ 85 አድርጎ ማስወጣት ምኑ ነው አመራር?

ደግሞ ውድድር ብቻውን የሞከሩትን እዩ፣ ቺሊ ከ1981 እ.ኤ.አ ጀምሮ መንግስት ገንዘቡን በተማሪ ቁጥር እየከፈለ ት/ቤቶቹን ለቀቃቸው፣ የግሎቹ ጎበዙን እየመረጡ ወሰዱ፣ የደሃው ልጅ ማዘጋጃ ቤት ት/ቤት ቀረ፣ ተማሪዎቹ ስንት ጊዜ አደባባይ ከወጡ በኋላ በ2015 እ.ኤ.አ ህግ አውጥተው የመንግስት ድጎማ የሚወስድ ት/ቤት ተማሪ እንዳይመርጥ እንዳያተርፍም ከለከሉ።

ቀልደኛው፦
ቺሊ ስትሉ እኔ የማውቀው ሶሱን ነው ይቅርታ

የአራት ኪሎው፦
😂 ቀልደኛው ተው። ዳታ የመጨረሻዋ ነጥብህ ናት እኔን ስትከነክነኝ የነበረችው፣ የሚገባው ልጅ ነገር።

ስሜን አልናገርም፦
እስቲ እኔ ልጨምር ግን ት/ቤቱን አትጠይቁኝ እንጀራዬ ነው። የግል ት/ቤት ሪከርድ ኦፊስ ነው የምሰራው። 9ኛ ክፍል ስንቀበል መግቢያ ፈተና አለ፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤትም እናያለን፣ ይሄ የአደባባይ ሚስጥር ነው። ከዛ 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ አማካዩ ዝቅ ያለበት ልጅ ወላጅ ይጠራል፣ አይባረርም፣ በፍፁም። ቡና ቀርቦ «ልጅዎ እዚህ ተጨንቋል፣ ለሱም ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል» ይባላል። ወላጅ አመስግኖ መልቀቂያ ይወስዳል። በሁለት አመቱ የሚያሳልፉት መቶኛ አምሮ ይወጣል። እኔ ነኝ መልቀቂያውን የማትመው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ይሄ ሁሉም ጋ አይደለም ግን። የኛው ጥሩ ነው።

ምክትል ነበርኩ፦
ዘግይቼ ነው ያየሁት። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ምክትል ርዕሰ መምህር ነበርኩ ስድስት አመት፣ ክረምት ክረምት ፒጂዲኤስኤል (የት/ቤት አመራር ዲፕሎማ) ተምሬ፣ ስለ ስትራቴጂክ ሊደርሺፕ ስንት ሀንድ አውት አጥንቼ ማለት ነው። እስቲ አመራር ማለት እኛ ጋ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ህዳር ላይ የሴቶች መፀዳጃ ቤት ቧንቧ ፈነዳ። 1,400 ተማሪ። ዕቃው ትንሽ ነገር ነው፣ መርካቶ ሄደህ ከሰዓት ይዘህ የምትመለሰው። ጥያቄ ፃፍን፣ ሶስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ተባለ፣ ሶስቱ ሲሰበሰብ የአንደኛው ጊዜ አለፈ፣ ፑል ጋ (የት/ቤቶችን ሂሳብ በጋራ የሚይዘው ፋይናንስ ቢሮ) ሲደርስ «እቅድ ውስጥ አልተያዘም» ተባለ (ቧንቧው እንደሚፈነዳ ማቀድ ነበረብን)፣ ተገዝቶ ሲመጣ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) የምትቆርጠዋ የንብረት ሰራተኛ ፈቃድ ላይ ናት። የካቲት ላይ ተሰራ። በነዚያ ወራት ከምሳ በኋላ የሚቀሩ ሴት ተማሪዎችን ቁጥር እኔ ነኝ የማውቀው። የግል ት/ቤት ባለቤት ዘበኛውን ገንዘብ አስይዞ ይልካል፣ አለቀ። ልዩነቱ የሊደርሺፕ ቲዎሪ አይደለም፣ ቧንቧ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ማናጀር ነኝ ብዬ የተሰማኝ። ጂኢኪፕ የሚባለው የትምህርት ጥራት ፕሮግራም ሲመጣ ስኩል ግራንት (የት/ቤት ድጎማ) ለት/ቤቱ በተማሪ ቁጥር ይለቀቅ ነበር፣ በነፍስ ወከፍ 50 60 ብር ገደማ፣ ሳቁ ከፈለጋችሁ፣ ግን ከወተመህ (ከወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት) ጋር ተፈራርመን እኛው የምናዝበት ብር ነው። ማባዣ ማሽን ጠግነን ወረቀት ገዝተን አርብ አርብ ለ9ኛ ክፍል አጭር ፈተና ጀመርን፣ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ብቻ። ሰኞ ውጤቱ ይለጠፋል፣ ሁለት ጊዜ የወረደ ልጅ ወላጁ ይጠራል። ከመምህራኑ ግማሹ አኮረፈ፣ ማን ያርማል ተባለ፣ ልጆቹን እርስ በርስ አሳረምናቸው። በሁለተኛው ሴሚስተር የሚቀረው ልጅ ቀነሰ፣ አርብን ፈርቶ ሳይሆን አርብን ጠብቆ የሚመጣ ተማሪ አየሁ። ወረቀቱ ሲያልቅ ፈተናውም አለቀ።

ስለዚህ የኔ ሀሳብ፣ ዳይሬክተሩ በጀቱ ላይ ስልጣን ይሰጠው፣ ትንሽም ቢሆን፣ ኦዲተር ከኋላ ይምጣበት። ደረጃ ማውጣቱን ግን ስሜን አልናገርም ያለው/ያለችው ሰው ከተናገረው በኋላ ማን ይደግፋል? የመንግስት ት/ቤት መግቢያ ፈተና የለውም፣ የሚያራግፍበትም ቦታ የለውም፣ እሱ ነው የሚራገፍበት። ደግሞ ያለፉት ሁለት አመታት ከመሀል ከተማ ሰፈር ሲነሳ ተማሪው አብሮ ሄደ፣ አንዳንዱ ት/ቤት ክፍሉ ሳሳ፣ የወጡት የሄዱበት ዳር ያለው ደግሞ ጢም አለ። ዳር ያለው ዳይሬክተር ደረጃው ሲወርድ ሰነፍ ሊባል ነው?

ዳታ፦
በጀቱ ላይ እስማማለሁ። መቅጠርና ማባረርስ? መምህሩ ባይመጣ ምን ታደርገው ነበር?

ምክትል ነበርኩ፦
የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የፅሁፍ፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ ከዛ ዝውውር። ዝውውር ማለት ችግሩን ለሌላ ት/ቤት መስጠት ነው፣ የነሱንም እኛ እንቀበላለን። ግን መቅጠሩን ለዳይሬክተር ስጡ አልልም። መጀመሪያ ዳይሬክተሩን ማን ነው የሚመድበው? በችሎታ ይሁን በቀረቤታ? ያ ሳይጠራ መቅጠር ስትሰጠው በአመቱ ስታፍ ክፍሉ የሱ ሀገር ልጆች እድር ይሆናል።

ቲቸር ኬሚስትሪ፦
ኧረ በትክክል! ይሄን ፈርቼ ነው እኔም ዝም ያልኩት።

ጡረተኛው፦
ልጆች እኔም ሀሳብ ልስጥ። ውድድር ውድድር የምትሉት አዲስ አይደለም። በኛ ጊዜ ምኒልክ፣ ተፈሪ መኮንን (ከ1917 ጀምሮ ያለ ት/ቤት ነው)፣ ዊንጌት፣ ተማሪው በኳሱም በማትሪኩም ይፎካከር ነበር፣ የለበስነው ዩኒፎርም ያኮራን ነበር። በ1967 የግልና የሚሲዮን ት/ቤቶች ተወርሰው የህዝብ ሆኑ፣ ያ ፉክክር እየደበዘዘ ሄደ። ከ1986ቱ ፖሊሲ በኋላ ግሉ ተመልሶ መጣ። ታዲያ ስለ ድሮው ጥራት ሲወራ ሁሌ የሚረሳ ነገር አለ፣ ዊንጌት አዳሪ ነበር፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጠ ጎበዝ ነው የሚገባው። እኔ ራሴ ተመርጬ ነው። የሰፈሬ ልጆች ሳይማሩ ቀሩ፣ ከኔ የማያንሱ ነበሩ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልን። ግን ሁላችሁም ወደ ምርጫ ወሰዳችሁት፣ የኔ ጥያቄ ስልኩ ነበር። ለመደወል በጀት አያስፈልግም፣ ቧንቧም አያስፈልግም።

ምክትል ነበርኩ፦
እሱስ እውነት ነው እህቴ። እኛ ጋ የሚደውል ሰው ያልመደብነው ማንም ከልክሎን አይደለም። አላሰብነውም። አንድ ነገር ግን ላስቸግርሽ፣ ት/ቤታችሁ ስብሰባ ሲኖር አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፦ ዘንድሮ 12ኛ ከሚፈተኑት ጋር 9ኛ ላይ አብረው የጀመሩት ስንት ነበሩ?

የአራት ኪሎው፦
እኔም የኛውን እጠይቃለሁ። በነገራችን ላይ ያን «ከላይ የመጣ» ሰውዬ ዳይሬክተሩ በራሱ ስንት ብር ማዘዝ ይችላል ብዬ በቴሌግራም ጠይቄው ነበር፣ አይቶታል፣ አልመለሰም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ማክሰኞ ነው ዛሬ፣ ተመለስኩ። ትናንት ሄጄ ጠየቅኳቸው። በጣም በትህትና «ይሄ የውስጥ መረጃ ነው» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ የትልቁን ልጄን የ9ኛ ክፍል የክፍል ፎቶ አወጣሁና ከሱ ጋር ቁጭ ብለን ቆጠርን። 41 ናቸው ፎቶው ላይ። እሱ እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ አለ፣ የለም፣ አለ፣ የለም አለኝ። ክፍል የተቀየሩትን አውጥተን ት/ቤቱ ውስጥ ያሉት 27 ናቸው። ውጪ የሄዱም ይኖራሉ መቼም።

ምክትል ነበርኩ፦
14ቱ የት ገቡ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ልጄ ሁለቱ ውጪ ሀገር ሄደዋል አለ። የአምስቱን አያውቅም። ሰባቱ እዚሁ ፒያሳና አራት ኪሎ የመንግስት ት/ቤት ናቸው፣ አንዱ የቲቸር ኬሚስትሪ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም።