የሐዋሳውን አሞራ ገደል በሌጎ ልንሠራ ተነስተን ገና በሩ ላይ ሰሌዳው አለቀብን

ሰማያዊዋ ባጃጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው ያለሁት። ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ስለዚህ ከእኔ የአርክቴክት ቋንቋ አትጠብቁ። እህቴ ከውጭ ስትመጣ ለልጄ አንድ ሻንጣ ሌጎ፣ ያንን የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጡብ መጫወቻ፣ ይዛለት መጣች። አዲስ አይደለም፣ የሷ ልጆች አድገው የተውት ነው። ካርቶን የለው፣ መመሪያ የለው፣ ሁሉም በፌስታል የታጨቀ ነው። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። መኪና ሠራ አፈረሰ፣ ሮኬት ሠራ አፈረሰ፣ ከዚያ አንድ ቀን «አባ፣ አሞራ ገደልን እንሥራ» አለኝ። ሐይቁ ዳር ያለውን የአሳ ገበያ ማለቱ ነው። እኔም ሳላስብ እሺ አልኩት።

አሁን ጉድ ውስጥ ነኝ። ከታች የሚነጠፈው አረንጓዴ ሰሌዳ ያለን ሁለት ብቻ ነው። ጉጡን፣ ጡቡ የሚሰካበትን ትንሽ ክብ ጉብታ፣ ስንቆጥረው 32 በ32 ነው። መግቢያውን በር ሠራን፣ ከበሩ ፊት ባጃጅ የሚቆምበትን ሠራን፣ ሁለት ዛፍ ተከልን፣ በቃ አንዱ ሰሌዳ አለቀ። አሳ የሚበለትበት፣ የሚጠበስበት፣ መረቡ፣ ጀልባው፣ አባ ኮዳው (የአሳ ትራፊ የሚለቅመው ትልቁ ወፍ)፣ ሐይቁ ራሱ እንኳ ገና ነው። ልጁ ደግሞ ትምህርት ቤት ወስጄ አሳያለሁ ብሎ ለጓደኞቹ አውርቷል።

መጠኑን ከምን ተነስቼ ነው የምወስነው? ሁለተኛ፣ ስላነሰን ከሱቅ የቻይናውን ገዝቼ ቀላቀልኩበት፣ አንዳንዱ እሺ ይላል አንዳንዱ ሲጫኑት ብቻ ነው የሚገባው። ሦስተኛ፣ ሐይቁን በምን ልሥራው? ያለን ሰማያዊ ጡብ ባጃጇን ሠርቶ የሚተርፍ አይመስለኝም።

ጡረተኛው ድራፍትስማን፦
ልጄ፣ በሩ ላይ ማለቁ አይግረምህ። ሒሳቡ ራሱ እዚያው ያልቃል።

ከአንዱ ጉጥ መሐል እስከ ሌላው ጉጥ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው። 32 ጉጥ ማለት 25.6 ሴንቲ ሜትር ነው። አሁን ከሌጎው ጋር የምትመጣውን ትንሿን ሰውዬ አሻንጉሊት አንሳና ለካት፣ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። አንድ ሰው 1 ሜትር ከ70 ነው ብንል፣ ያንተ ዓለም ከእውነተኛው 42 ጊዜ ያነሰ ነው ማለት ነው። ሰሌዳህን በ42 አባዛው። 10 ሜትር ከ75 ይመጣል። ሁለቱን ብትገጥማቸው 21 ሜትር ተኩል በ10 ሜትር ከ75። እንኳን ለአሳ ገበያው ለባጃጅ ሰልፉም አይበቃ።

ዴንማርክ ቢሉንድ ያለው ሌጎላንድ፣ በፈረንጆቹ 1968 የተከፈተው፣ የከተማ ሞዴሎቹን የሠራው በ1 ለ20 አካባቢ ነው። እዚያ ይቺ 4 ሴንቲ ሜትሯ ሰውዬ አትገባም፣ ሰዎቹም ራሳቸው ከጡብ የሚገነቡ ናቸው። በዚያ ልክ ልሥራ ብትል አንዱ ሰሌዳህ የሚይዘው 5 ሜትር ነው። ሁለት ባጃጅ ፊትና ኋላ አቁመህ ትጨርሳለህ።

ስለዚህ አሞራ ገደልን አትሥራ። ከአሞራ ገደል 20 ሜትር ቁረጥና እሷን ሥራ። የትኛዋን 20 ሜትር? ሰው ሲያያት ከዚያ በቀር ሌላ ቦታ ልትሆን የማትችለውን። በር የትም አለ። አሳ እየበለተ ለአባ ኮዳ የሚጥል ሰው ግን የትም የለም። ነገ ተሳፋሪ ስትጠብቅ ቦታውን በእርምጃህ ለካው፣ ማታ ባለ ካሬ ደብተር ላይ አንድ ካሬ አንድ ጉጥ አድርገህ ሣለው። ያልሣልከውን አትገጥም። እኔ 31 ዓመት ፕላን ስሥል የቆየሁት ስለሆነ ይህን ስል አትቀየመኝ።

ባጃጇን ደግሞ ላስላልህ። ወደ 2.6 ሜትር ርዝመት፣ 1.3 ወርድ፣ 1.7 ቁመት አላት። በ42 ስታካፍላት 8 ጉጥ ርዝመት፣ 4 ጉጥ ወርድ፣ 4 ጡብ ከፍታ። አንድ ጡብ 9.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስሷ ጡብ የሱ ሲሶ ናት። እንዲህ ልክክ ብላ የምትገባ መኪና አላጋጠመችኝም።

ታቦር ሥር፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። ሰውዬዋን ማን ግዴታ አደረጋት? ትንሿን ሰው ትተህ በጣም አሳንሰህ ብትሠራ እኮ ሙሉ ሰፈሩ ይገባልሃል። አንድ ጡብ አንድ ፎቅ ነው በል። ፎቅ 3 ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 300 ጊዜ አሳነስክ ማለት ነው። ያው ሰሌዳ አሁን 77 ሜትር ሆነ! ሁለቱ ከ150 ሜትር ይበልጣሉ። ባጃጅህ 9 ሚሊ ሜትር አትሞላም፣ አንዲት ባለ አንድ ጉጥ ሰማያዊ ጡብ ናት፣ ጨረስክ። ሃያ ባጃጅ በሃያ ጡብ። ዛፉ አንድ ቡናማ ከላዩ አንድ አረንጓዴ። ከታቦር ተራራ ላይ ሆነህ ከተማውን ቁልቁል ስታየው የሚመስለውን ነው የምትሠራው።

እኔ እንዲህ አድርጌ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ሐይቁ ድረስ ሠርቻለሁ፣ የፈጀብኝ አንድ የጫማ ካርቶን ጡብ ነው። ላፕቶፕ ካለህ ደግሞ ስቱዲዮ የሚባል፣ ብሪክሊንክ የተባለው የሌጎ መገበያያ ድረ ገጽ ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል፣ መጀመሪያ እዚያ ላይ ትገጥመዋለህ። መዘዙ ሌላ ነው፣ እዚያ ጡብ አያልቅም፣ እጅህ ላይ ግን ያልቃል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ እነዚህ ሁለቱ ሲከራከሩ ልጅህ 15 ዓመት ይሞላዋል። እኔ ወለሉ ላይ ሌጎ በባዶ እግሬ እየረገጥኩ የተማርኩትን ልንገርህ።

ስለ ቻይናው፦ ሌጎ የአሁኑን አያያዝ ያስመዘገበው በፈረንጆቹ 1958 ነው፣ ያኔ የተሠራው ጡብ ከዛሬው ጋር ይገጥማል። የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሌሎቹም ያቺኑ 8 ሚሊ ሜትር ይዘው ይሠራሉ፣ ስለዚህ መቀላቀል ይቻላል። ችግሩ የፀጉር ያህል ልዩነት ሲደራረብ ነው። አንድ ግድግዳ ውስጥ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ ካደረግክ አሥረኛው መደዳ ላይ ሁለቱ ጎኖች አይገናኙም። እኔ ደህናውን ለግድግዳና ለሚነቃነቅ ነገር አስቀምጣለሁ፣ ሌላውን መሬት ላይ እዘረጋዋለሁ ወይ ግድግዳ ውስጥ እደብቀዋለሁ። ሳር ሥር ያለውን ማን ያያል!

ሰሌዳ ፍለጋ ደግሞ አትንከራተት። አናጢ ቤት ሄደህ የተረፈ ኮምፔንሳቶ ለምን፣ ከሥር አንጥፈው፣ ሰሌዳዎቹን ከላዩ አድርግ። ሐይቁ ጉጥ አያስፈልገውም እኮ! ኮምፔንሳቶው ላይ ሰማያዊ ወረቀት ለጥፍ፣ ከላዩ የደብተር መሸፈኛውን ላስቲክ ትንሽ ጨምድደህ ዘርጋው። ብርሃን ሲያርፍበት ሞገድ ነው። ሁለቱም ሰሌዳ ለየብስ ይተርፍልሃል።

ትምህርት ቤት የምትወስደው ከሆነ በአንድ ላይ አትሥራው። ሌጎዎች በፈረንጆቹ 2007 ካፌ ኮርነር በሚባለው ስብስብ የጀመሩትን ተርታ ሕንፃ አይተህ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፣ ጎንና ጎኑ ላይ ባለ ቀዳዳ ጡብ አለ፣ በትንሽ ፒን ይያያዛል። አንተም ሁለቱን ሰሌዳ እንደዚያ አድርግና ለያይተህ ጫን። የሰፈራችንን ኮረኮንች አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ።

ሻንጣው ቆሻሻ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ እጠበው፣ ከ40 ዲግሪ አይበልጥ። ከዚያ ጥላ ላይ አድርቀው። እኔ ነጩን ሁሉ መስኮት ላይ ትቼው የሐዋሳ ፀሐይ እንደ ድሮ ማስቲካ ቢጫ አደረገችብኝ።

ሰማያዊዋ ባጃጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ እርስዎ እንዳሉኝ በእርምጃ ለካሁት፣ ሰው «ባጃጁን ትቶ መሬት ቅየሳ ገባ እንዴ» እያለ ሳቀብኝ። የታቦር ሥርን ሐሳብ ለልጁ ነገርኩት፣ በጣም ወደደው፣ ከዚያ «አባ ኮዳው ምን ያክላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳሰላው ግማሽ ሴንቲ ሜትር። «እንግዲያው አይሆንም» አለ። በቃ፣ ትልቁን ነው የምንሠራው።

በሩን አፈረስነው። ልጁ ትንሽ አኮረፈ። አሁን የያዝነው ከዋርካው ሥር እስከ ውሃው ዳር ነው። አንድ መበለቻ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ጀልባ፣ አንድ መጥበሻ፣ አንድ ባጃጅ። ባጃጅ እዚያ ድረስ ትገባለች ወይ አትበሉኝ፣ የኔ ናት ትገባለች።

ባጃጇ ጋሼ ባሉት ልክ ወጣች፣ 8 በ4። እንደዚያ ነው እንጂ! ግን ከኋላ ሁለት ሰው ላስቀምጥ ስል አልገባ አለኝ። ሥራ ላይ ሦስት የምጭን ሰውዬ እዚህ ሁለት አቃተኝ። ምን አጠፋሁ?

ጡረተኛው ድራፍትስማን፦
አንተ አላጠፋህም፣ ሰዎቹ ወፍራም ናቸው። ቁመታቸው 4 ሴንቲ ሜትር ነው አልንህ፣ ወገባቸው ግን ሁለት ጉጥ፣ 16 ሚሊ ሜትር። በ42 አባዛው። የወገቡ ወርድ ብቻ 67 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰውዬ! ክንዱን ሳንጨምር ነው። አጭርና ሰፊ ሰው ስለሆነ በቁመቱ ለክተህ የሠራኸው ሁሉ በወርዱ ይጠብበታል። በርም ስትሠራ አስብበት። ወይ ባጃጇን ወደ 6 ጉጥ አስፋ፣ ያኔ ግን ባጃጅነቷ ይጠፋና ሚኒባስ ትመስላለች። እኔ ብሆን አንዱን ተሳፋሪ አስወርደው ነበር።

ጀልባውንም ሙሉ አትሥራው። 5 ሜትር ጀልባ ቢሆን 15 ጉጥ ይበላሃል። አፍንጫውን ብቻ ከሰሌዳው ጠርዝ አስገባው። ሰው ቀሪው ውጭ ያለ ይመስለዋል፣ ሐይቁም ይሰፋል።

የሐይቁ ልጅ፦
ዘግይቼ ነው የመጣሁት። አንድ ነገር ብቻ፣ ሐይቁን ሰማያዊ አታድርጉት እባካችሁ። እኔ እዚያው ዳር ነው ያደግኩት። ዳሩ ላይ ቄጠማ ያለበት አረንጓዴ ነው፣ ጠዋት ደግሞ ግራጫ። ሰማያዊ የሚሆነው ፖስትካርድ ላይ ነው። ወረቀቱን አረንጓዴ ወይ ግራጫ አድርገህ ላስቲኩን ከላዩ።

አባ ኮዳውን የምትሠራው እንዴት ነው? እሱን ካበላሸህ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ታቦር ሥር፦
በሐሳቤ ቢሸነፍም አባ ኮዳውን እኔ ልርዳው። አባ ኮዳ ቆሞ እስከ ሜትር ተኩል ይደርሳል፣ በናንተ ልክ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ትንሿ ሰውዬ ጋር ዓይን ለዓይን ሊተያይ ምንም አልቀረው። ስለዚህ ትልቅ አድርገው፣ ሰው የሚስተው ይሄንን ነው፣ እንደ ዶሮ ያሳንሰዋል። ክንፉ ጥቁር ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ አንገቱ ላይ የምትንጠለጠለዋ ከረጢት ሮዝ። ሮዝ ከሌለህ የአሻንጉሊቱን ሴትዮ አበባ ንቀልባት።

እግሩን ቀጭኗን ዘንግ አድርግ፣ ሰውዬው እጅ ውስጥ የምትገባዋን። ትንሿ ክብ ስስ ጡብ ጉጧ ክፍት ከሆነ እዚያም ትገባለች፣ ስለዚህ ከላይም ከታችም ትይዛለች። ነጭ ዘንግ ፈልግ። እግሩ በተፈጥሮው ጥቁር ነገር ነው፣ ነጭ የሚመስለው በራሱ ኩስ ነው፣ እንዲቀዘቅዘው እግሩ ላይ ይለቀዋል። ይሄን ለልጅህ ንገረው፣ ትምህርት ቤት ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይሄ አይረሳም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ኧረ በስመአብ! የኔዎቹ ይሄን እንዳያነቡ።

ሰማያዊዋ ባጃጅ፦
ነግሬዋለሁ። አሁን ለሰፈሩ ሁሉ እየነገረ ነው።

ሐይቁን ግራጫ አረንጓዴ አደረግነው፣ የሐይቁ ልጅ ልክ ነህ። አባ ኮዳው ሦስት ጊዜ ወደቀ። ጭንቅላቱና መንቆሩ ከብዶት ወደፊት ይደፋል። ጎረቤቴ «ኮላ አድርግበት» አለኝ፣ ልጄ ግን ኮላ የነካው ጡብ ሌላ ጊዜ ሌላ ነገር አይሆንም ብሎ አልቅሶ ከለከለኝ። መጨረሻ ላይ ልጁ ራሱ አንስቶ ባጃጇ ጣሪያ ላይ ሰካው። እዚያ ጉጥ አለ፣ ቆመ። ጣሪያዬ ላይ እንዲህ ቆሞ የሚያውቅ አባ ኮዳ የለም ብዬ ልከራከር ነበር፣ ተውኩት።

የቀረን ጠረጴዛው ላይ የሚደረደረው አሳ ነው። ትንንሽ ግራጫና ነጭ፣ ለስላሳ፣ አንድ ጉጥ የሚያህሉ ቁርጥራጮች ያሉት ሐዋሳ ያለ ሰው ካለ 30 ፍሬ ያህል እፈልጋለሁ። በአሳ ሾርባ እቀይራለሁ፣ መመለሻውን እኔው አደርሳለሁ። አንድ ሰው ብቻ ነው የምጭነው ግን።